ዶማ ያርሳል ወይስ ይቆፍራል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ዐውደ ርእይ የድሮ የእጅ የእርሻ መሣሪያዎችን እየሰበሰብን ነው። ዶማ፣ ማጭድ፣ መኮትኮቻ፣ መንሽና ላይዳ አግኝተናል። አንድ ባልደረባዬ ዶማው ላይ «የእጅ ማረሻ» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። አባቴ የደላንታ ገበሬ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ዶማ ይቆፍራል እንጂ ያርሳል እንዴ?» አሉኝ። ባልደረባዬ ከሚሴ ነው ያደገው፤ «እኛ ጋ ምንም ችግር የለውም» ብሎ ድርቅ አለ። ማን ነው ልክ? ሌላም ልጠይቅዎ፤ ማረሻ የሚባለው ብረቱ ብቻ ነው ወይስ ሙሉው? «እርፍ»ስ በየትኛው «እ» ነው የሚጻፈው?

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። ባልደረባዎም ግን ከሜዳ ተነሥቶ አልተናገረም፤ ምክንያት አለው። ወደ እሱ እንመጣለን።

አማርኛ ለመሣሪያ ስም ሲያወጣ ብዙ አይጨነቅም። ግሱን ይዞ ስሙን ይወልዳል። ቆፈረ፣ መቆፈሪያ። ኮተኮተ፣ መኮትኮቻ። ጠረበ፣ መጥረቢያ። አረሰ፣ ማረሻ። እንግዲህ የመሣሪያውን ስም ሲጠሩ ሥራውንም አብረው ጠሩት ማለት ነው። ዶማን «የእጅ ማረሻ» ካሉት «በእጅ የሚታረስበት ዕቃ» አሉት። አባትዎን ያሳቃቸው ይኸው ነው።

«አረሰ» ምን ምን እንደያዘ ለማየት መዝገበ ቃላት ከመግለጥ አንድ ማሳ ዳር መቆም ይሻላል። ገበሬው በአንድ እጁ እርፉን ጨብጧል፤ በሌላው ጅራፍ ይዟል። በሬዎቹ ሲንቀሳቀሱ ማረሻው መሬት ውስጥ ይሰምጣል። አንዴ ከገባ አይወጣም። አፈሩን ከሥር እየሰነጠቀ እስከ ማሳው ጫፍ ይሄዳል። ከኋላው የሚቀረው ረጅም መስመር ትልም ይባላል። ጫፍ ሲደርስ ገበሬው እርፉን ቀና አድርጎ በሬዎቹን ያዞራል፤ ሌላ ትልም ይጀምራል። አረሰ ማለት ይህ ነው፤ ስቦ መሰንጠቅ። የሚስብ አለ፣ የሚወጣ ትልም አለ። (ከተሜው ዛሬ «ትልም» የሚለውን ለዕቅድ ነው የሚያውቀው። «የአምስት ዓመት ትልም» ሲባል የሰማ ሰው ቃሉ ከማሳ እንደመጣ አይጠረጥርም።)

አሁን ዶማውን ያንሡ። ዶማ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ይመታል፣ ይነክሳል፣ ያነሣውን አፈር ወደ ሰውየው እግር ይገለብጣል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። እያንዳንዱ ምት ለብቻው ነው። ትልም አያወጣም። የሚስበውም የለም፤ የሰውየው ወገብ ብቻ ነው ያለው። እንቅስቃሴው ሌላ ስለሆነ አማርኛ ግሱንም ሌላ አደረገው። በዶማ ይቆፈራል።

ይህ ልዩነት የወሎ ገበሬ ወግ ብቻ አይደለም። በጣም የቆየ ነው። አረሰ በግእዝ ሐረሰ ነው። አማርኛ «ሐ»ን በአፉ ስላልጠበቃት ጠፋች እንጂ ትግርኛ እስከዛሬ ማሕረሻ ይላል። ወሎ ላይ ዐረብኛ የቀራ ሰው ደግሞ «ሚሕራስ» የሚለውን ያውቃል። ዕብራይስጡም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ነው። በነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ከዚህ ሥር የወጣው የመሣሪያ ስም ከብት የሚስበውን ዕቃ ነው የሚሰይመው። ለቁፋሮው ሁሉም ሌላ ቃል አላቸው።

በዕድሜም ቢሆን ሁለቱ አይተካከሉም። ማረሻ እንግዳ ነው፤ ዶማና ዘመዶቹ ባለቤት ናቸው። ሰው በሬ ከመጥመዱ ሺህ ዓመታት በፊት መሬት ይቆፍር ነበር። መጀመሪያ ሹል እንጨት፣ ቀጥሎ ድንጋይ የታሰረበት እጀታ፣ ቆይቶ ነሐስና ብረት። የጥንት ግብፃውያን ዶማ ሁለት እንጨት በገመድ የተሳሰረ ነበር። ከመለመዱ የተነሣ በሥዕል ፊደላቸው ውስጥ ሳይቀር ገባ፤ «መር» የሚለውን ድምፅ የሚጽፉት በዶማ ሥዕል ነበር። ሱመሮች ደግሞ ዛሬ ኢራቅ በምንለው አገር ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት ዶማንና ማረሻን ፊት ለፊት አቁመው ያከራከሩበት ድርሰት አላቸው። ማረሻ ንጉሥ በእጁ እንደሚይዘው፣ በበዓሉም በሬ እንደሚታረድለት ይኩራራል። ዶማ ግን ቦዩን የምቆፍረው እኔ፣ ለቤቱ ጭቃ የማወጣው እኔ፣ አንተ ከዓመቱ ስምንቱን ወር ተጋድመህ ታሳልፋለህ ይለዋል። በመጨረሻ የሚረታው ዶማ ነው። ባልደረባዎ ያንን ክርክር ቢሰሙ ዶማውን በባላጋራው ስም ባልጠሩት!

ከሁሉም የሚገርመው ማጭድ ነው። ማጭድ ከእርሻ ይቀድማል። በመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ገና ዘር መዝራት ሳይጀምሩ የዱሩን ስንዴና ገብስ ያጭዱ ነበር። አጥንት ወይም እንጨት ይፈለፍሉና ስለታም የባልጩት ስንጣሪ በተርታ ይሰኩበታል። ይህ ከ12 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቃሉም አሮጌ ነው። በግእዝ ዐፀደ ማለት አጨደ ነው፤ መሣሪያው ማዕፀድ። «ፀ»ዋ ወደ «ጭ» ዞራ ማጭድ ሆነ። ልብ ብለው ከሆነ ማጭድ እንደ መኮትኮቻ ወይም እንደ መቆፈሪያ «ቻ» ወይም «ያ» የሚል ጭራ የለውም። «ማጨጃ» ማለት ይቻል ነበር፤ ዛሬም ለሣር ማሽን «የሣር ማጨጃ» እንላለን። የገበሬው ዕቃ ግን በግእዙ ቅርጽ ቀረ። አንድ የመሣሪያ ስም በአሮጌ ቅርጹ ከጸና፣ ዕቃው ከሰው እጅ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው ብዬ አስባለሁ።

በእኛም አገር ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ትግራይ ውስጥ ይሐ ላይ ከድንጋይ ተፈልፍለው ከተሠሩ መቃብሮች የነሐስ ማጭዶችና መጥረቢያዎች ተገኝተዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ናቸው። አዲግራት አካባቢ ዓምባ ፎካዳ ደግሞ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው በዓለት ላይ ተሥሏል። ዛሬ ደላንታ ሜዳ ላይ የሚያርስ ገበሬ ሥዕሉን ቢያይ ማንም ሳይነግረው ምን እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ከሚሴው ባልደረባዎ ልምጣ። ከሚሴና አካባቢዋ አፋን ኦሮሞ የሚነገርባቸው ናቸው። በአፋን ኦሮሞ «ቆቱ» የሚለው ግስ መቆፈርንም ማረስንም አንድ ላይ ይይዛል። በሬ ቢስብም ሰው ቢመታም ግሱ አይለወጥም፤ ዋናው አፈሩ መከፈቱ ነው። ገበሬውም «ቆቴ ቡላ» ይባላል። ይህን ወደ አማርኛ ሲመልሱት ቁልጭ ብሎ «አርሶ አደር» ይወጣል። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት አነጋገር ነው የሠሩት፤ ይህን ሥራ ሠርቶ የሚያድር፣ በዚህ የሚኖር። ልዩነቱ የመጀመሪያው ግስ ላይ ነው። የአማርኛው አርሶ ብቻ ነው። የኦሮምኛው ቆፍሮም አርሶም ነው። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ መካከል ያደገ ሰው «በዶማ አረስን» ቢል አልተሳሳተም፤ አንዱን ቋንቋ ሌላው ውስጥ ነው የሚሰማው። ወሎ እንዲህ ነው። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ አርጎብኛው፣ ዐረብኛው ለረጅም ዘመን አንድ ገበያ ውለዋል። ባልደረባዎን በዚህ አይጨቅጭቋቸው። ጽሑፉ ለአማርኛ አንባቢ ስለሆነ ግን ዶማው ላይ «ማረሻ» አይለጠፍ።

«ታዲያ ‘መሬት ላራሹ’ሲባል በዶማ የሚኖረውን አይጨምርም ነበር ወይ?» የሚል ቢመጣብዎ መልስ ይኑርዎ። ተማሪዎቹ በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይህን መፈክር ይዘው ሲወጡ «በበሬ ለሚያርሰው ብቻ» ማለታቸው አልነበረም። በደቡብ ብዙ ሕዝብ መሬቱን በእጅ መሣሪያ ነው የሚያለማው። የኮንሶ እርከኖች በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩት ያለ በሬ፣ በሰው ጉልበት የተሠሩ ሆነው ነው። መሬቱን በእጅ የሚያለማውም አራሽ ነው። ምክንያቱም አረሰ ሁለት ስፋት አለው። ኑሮን ሲናገር ሰፊ ነው፤ «አርሶ ይበላል» ማለት በግብርና ይኖራል ነው። ሥራውን ሲናገር ግን ጠባብ ነው። «ዛሬ ምን ሠራህ?» ሲባል «አረስኩ» ያለ ሰው በሬ ጠምዷል። መሣሪያው በስሙ ከተጠራ ወዲያ ሰፊው ትርጉም አይሠራም፤ «በማጭድ አረሰ» እንደማይባለው ሁሉ «በዶማ አረሰ»ም ጆሮን ይቆረቁራል። «እርሻ» ስሙም እንዲሁ ሰፊው ጋ ነው ያለው። «የእርሻ መሣሪያዎች» ብለው ዶማውንም ማጭዱንም ከሥሩ ቢያስቀምጡ ማንም አይስቅም።

ደግሞ አንድ ጊዜ አለ፣ ወሎ ላይ «በዶማ ማረስ» ሆን ተብሎ የሚነገርበት። ማረስ ጥማድ ይፈልጋል፤ ጥማድ ሁለት በሬ ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ ሌላ ባለ አንድ በሬ ይፈልግና መቀናጆ ይገባል፤ አንድ ቀን ለአንተ፣ አንድ ቀን ለእኔ። ምንም የሌለው ደግሞ ወይ ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይዋሳል፣ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ያም ካልሆነ ዶማ ያነሣል። በ1977ቱ ድርቅ በሬው ያለቀበት ወይም ሸጦ የበላው ሰው ዝናቡ ሲመለስ በባዶ እጁ ነው ማሳው ላይ የቆመው። መሬቱን ቆፍሮ የዘራ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «በዶማ አረስኩ» ቢል ቃሉን አጥቶ አይደለም። በሬ የሚሠራውን እኔ በወገቤ ሠራሁት ማለቱ ነው። መከራው የሚሰማው ግሱና መሣሪያው ባለመግጠማቸው ላይ ነው፤ ያንኑ ነው የሚነግርዎ። አባትዎ የሚስቁት ለዐውደ ርእዩ ጽሑፍ ነው እንጂ ለዚህ ሰው አይስቁም።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ማረሻ የቱ ነው? በጥብቁ ብረቱ ነው። ሙሉው ዕቃ ብዙ አካል አለው፤ እያንዳንዱም ስም አለው። ገበሬው የሚጨብጠው እርፍ ነው። በእርፉ ጫፍ የሚሰካው ሹል ብረት ማረሻ ነው። ግራና ቀኝ አፈሩን የሚገፉት ሁለት እንጨቶች ድግር ይባላሉ፤ ከማረሻው ጋር የሚይዛቸው ብረት ወገል ነው። ከእርፉ ተነሥቶ በሬዎቹ መካከል የሚገባው ረጅም እንጨት ሞፈር። ሞፈሩን ከእርፉ የሚያስረው ጠፍር መርገጥ፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስረው ምራን። ቀንበሩ የበሬዎቹ ጫንቃ ላይ ይውላል፤ አንገታቸውን የሚይዘው ማነቆ ነው። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ቀንበሩን ጨምሮ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ቢመዝን ነው። ገበሬው ተሸክሞት ማሳ ይወርዳል፣ ተሸክሞት ይመለሳል። የወሎን ገደል ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከውጭ የመጡ ከባድ ማረሻዎች ብዙ ጊዜ ተሞክረው ቤት የቀሩት አንድም በዚህ ነው።

ብረቱ ብቻ ማረሻ እንደሚባል ከጠረጠሩ በመጽሐፍ ቅዱስ «ሰይፋቸውን ማረሻ፣ ጦራቸውን ማጭድ ለማድረግ ይቀጠቅጣሉ» የሚለውን ያስቡ። ሰይፍ ቀጥቅጦ እርፍና ሞፈር የሚያወጣ የለም። የሚወጣው ጫፉ ነው። ገበሬው «ማረሻዬ ዶለዶመ» ሲልም ብረቱን ነው። ይዞት ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል። ወናፉ ተራ በተራ ይጫናል፣ ከሰሉ ይግላል፣ ብረቱ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ቀጥቃጩ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ ያስተኛዋል። ጫፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መትቶ፣ ገልብጦ፣ እንደገና። ከዚያ ውኃ ውስጥ፤ ጭስስ። ዛሬ ብረቱ ከመኪና ባሌስትራ ወይም ከፌሮ ቁራጭ ይገኛል። ድሮ ከመሬት ነበር የሚቀልጠው። ይህን ሁሉ የሚሠራውን ሰው አገሩ «ጠይብ» እያለ ሲሰድበው ኖረ። ቃሉ ራሱ እኮ ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ነው፤ አዋቂ ማለት ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ቡና ሲጠጣ አብሮት የማይቀመጥ ገበሬ ሁሉ የሚበላው በዚያ ሰው ብረት ነው! ለዐውደ ርእዩ ከቀጥቃጭ ዕቃ አንድ ሁለት ቢጨምሩ ደስ ይለኛል።

ሰፋ ሲል ግን ሙሉው ዕቃም ማረሻ ይባላል፤ ስሕተት አይደለም። ከተማ ውስጥ እንደዚያ ነው የተለመደው። የገጠር ሰው ሙሉውን ሲጠራ ግን «ሞፈርና ቀንበር» ማለት ይቀናዋል። «ሞፈርና ቀንበሩን ሰቀለ» ቢሉዎ እርሻ ተወ ማለት ነው። ከቤቱ ርቆ ሌላ አገር እየወረደ የሚያርስ ደግሞ «ሞፈር ዘመት» ይባላል። ይህ ቃል ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ሞፈር ከግእዙ ወፈረ ጋር ይገናኛል። ወፈረ ማለት ለሥራ ወደ መስክ ወጣ ነው። ሞፈር ዘመት እንግዲህ መውጣቱን ሁለት ጊዜ ተናገረው።

ከእጅ መሣሪያዎቹ መኮትኮቻን ችላ አይበሉት። ትንሽ ስለሆነ ሰው አያየውም። ኮተኮተ ድርብ ግስ ነው፤ ሁለቱ ፊደል ተመላልሰው ይመጣሉ። አማርኛ ሥራው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም እንዲህ ማድረግ ይወዳል፤ ነቀነቀ፣ ፈረፈረ፣ ለቀለቀ። ኮትኳቹ አጎንብሶ በቡቃያው ሥር አረሙን ይነቅላል፣ አፈሩን ያላላል፣ ለሥሩ ያለብሳል። ቡቃያውን ሳይነካ። «ልጆቿን ኮትኩታ አሳደገች» የምንለው ከዚህ ነው፤ እናትየዋ አልቆፈረቻቸውም፣ አላረሰቻቸውም። ግሱን ብንቀይረው ምስጋናው ስድብ ይሆን ነበር።

ቆላማው ወሎ፣ ቆቦና ቃሉ አካባቢ፣ ማሽላውና የባሕር ማሽላው ጉልበት ሲያወጣ ሽልሻሎ አለ። ሽልሻሎ በበሬ ነው የሚሠራው። ቡቃያው ቆሞ ሳለ ገበሬው በመካከሉ ያርሳል። አረሙ ይገለበጣል፣ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፣ ዝናቡ ሲመጣ ውኃው ትልሙ ውስጥ ይቆማል። ሥራው ከኩትኳቶ ጋር አንድ ነው፤ ማላላትና ማረም። መሣሪያው ግን ማረሻ ነው። ስለዚህ አማርኛ ሁለቱን ሳያዛንፍ ሌላ ድርብ ግስ ሰጠው፤ ሸለሸለ። የጽሑፍ አዘጋጅ ሁሉ እንዲህ ቢጠነቀቅ!

መንሽና ላይዳም ይምታታሉ። ሁለቱም የአውድማ ዕቃ ናቸው፤ ሁለቱም እንጨት። መንሽ ጣት አለው፤ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት። በሬዎቹ ነዶውን እየረገጡ ሲያበራዩት ገለባውን የሚገለብጠው፣ ቆይቶም ወደ ላይ የሚያነሣው እሱ ነው። ላይዳ ጣት የለውም፣ ሰፊ ነው። ገለባው ሄዶ እህሉና እብቁ ሲቀር በላይዳ እየተዛቀ ለነፋስ ይሰጣል። እብቁ ይበራል፣ እህሉ ይወርዳል። ላይዳውን «የእንጨት አካፋ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ቅርጹን ያየ ሰው ቢል አይገርምም፤ አካፋ ግን አፈር ነው የሚዝቀው። አውድማ ላይ አካፋ ይዞ የመጣ ሰው ለምርቱ አልመጣም።

ወሎ ላይ ዶማና አካፋ ዛሬ ከእርሻው ይልቅ ከእርከኑ ጋር ነው ስማቸው የሚነሣው። ከ1977 ወዲህ በምግብ ለሥራ፣ ከ1997 ወዲህ በሴፍቲኔት፣ በየዓመቱም በተፋሰስ ሥራ ተራራው የተደረደረው በዶማ፣ በአካፋና በድጅኖ ነው። አፈሩ በባሬላ ይወጣል። ባሬላ ከጣልያንኛ የገባ ነው፤ አሁን የኛ ሆኗል። ድጅኖ ዳር እስከ ዳር ብረት ነው፤ ድንጋይ ይፈነቅላል። መቆፈሪያ በብዙ ቦታ የእንጨት ዘንግ ሆኖ ጫፉ ብቻ ብረት ነው። አንዱን በሌላው ስም አይጥሩ።

ከተማ ደግሞ ዶማን ስድብ አድርጎታል። «ዶማ ራስ» ማለት የማይገባው፣ ደንዛዛ ማለት ነው። «አካፋን አካፋ፣ ዶማን ዶማ ማለት» የሚለው የጋዜጣ አባባልም አለ። እሱ የፈረንጅ አነጋገር ተገልብጦ የመጣ ነው፤ ገበሬ ቤት አይሰሙትም። ዶማው ግን ከእኛ በኩል የተጨመረለት ይመስለኛል፤ ብቻውን ያለው አካፋ ጎደሎ ሆኖብን።

ለጽሑፎቹ እንግዲህ እንዲህ ቢሆን። ዶማው ላይ «ዶማ» ይበሉ። ከሥሩ «በሬ በማይገባበት ተዳፋትና በጓሮ መሬት ለመቆፈር፣ ድንጋይና ሥር ለመንቀል» ብለው ይጨምሩ። ለሁሉም የሚሆን የጋራ ርእስ ካስፈለገ «የእጅ የእርሻ መሣሪያዎች» ጥሩ ነው። «የእርሻ» የሚለውን እንዳያወጡት። «ጥንታዊ የእጅ መሣሪያዎች» ብቻ ካሉ ተማሪው ጎራዴና ጠመንጃ ሊያይ ይመጣል፤ «መሣሪያ ያዘ» ሲባል ዶማ የሚታየው ሰው የለም።

የቀረው እርፍ ነው። የጥንቱን አጻጻፍ የሚጠብቁ ሰዎች በዐይኑ «ዕ» ዕርፍ ብለው ይጽፉታል። ዛሬ በየጋዜጣው በአልፋው «እ» ይበዛል፤ ሁለቱም ይነበባል። አንዱን ይምረጡና በሁሉም ጽሑፍ ላይ እሱኑ ይያዙ። ተማሪዎቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሚያነቡ ከሆነ ግን «ፍ»ን እንዳያጠብቋት ይንገሯቸው። ስትላላ የማረሻው እጀታ ናት። ስትጠብቅ «እርፍ አለ» የሚለው ይሆናል፤ ያኔ «ገበሬው እርፍ…» ብሎ የጀመረ ልጅ ገበሬውን ከማሳው አንሥቶ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል።